ልጣጩን ጣል፣ ፍሬውን ጣል

ተረት አለኝ፤ ከጎረቤት የተዋስኩት። ባለቤቱ መጥቶ ሳይጠይቀኝ ቶሎ ልንገራችሁ።

ከደሴ ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ባለች ከተማ ውስጥ ትርሲት የምትባል የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። ክፍል ውስጥ ስትቆም ድምፅዋ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል። ከክፍል ስትወጣ ግን መሬት መሬት እያየች የምትሄድ፣ ሰው ሲያመሰግናት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የምትስብ ዓይን አፋር ነበረች። ይቺ ዓይን አፋር ሴት አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ምስጢር ደብቃ ኖረች። ምስጢሩ ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ ቡና ነው።

ትርሲት ያደገችው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ቀመር እንጂ ቅመም አታውቅም። ባገባች በዓመቷ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የባሏ እናት እማማ ይርገዱ የአውዳመቱን ቡና እንድታፈላ አዘዟት። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ገብቶበት፣ መጨረሻ ላይ ማር ጠብ የሚደረግበት የቅመም ቡና ነው። እማማ ይርገዱ እንግዳ ሊቀበሉ እየተጣደፉ፣

«የኮረሪማውን ልጣጩን ጣል፣ ፍሬውን ጣል አድርጊና አፍዪው!» ብለዋት ወጡ።

ልብ በሉ፤ አንዱ ጣል ወደ ውጭ ነው፣ አንዱ ጣል ወደ ውስጥ። ሙያ ያላት ሴት ሁለቱን ጣሎች በእንቅልፏም አታምታታቸውም። ትርሲት ግን ገለበጠቻቸው። ልጣጩን ሰባብራ ጀበናው ውስጥ ጣለች፤ ፍሬውን ጠራርጋ አጥር ሥር ጣለች።

ቡናው ተቀዳ። እማማ ይርገዱ ፉት አሉ። እንደገና ፉት አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጭስ ጭስ ይላል፣ ጫካ ጫካ ይላል… ምን አድርገሽበት ነው?»

ትርሲት ነጠላዋን ሳበች። እንግዳው ሁሉ ስኒውን አሽትቶ፣ «የተማረች እኮ ናት! በኬሚስትሪ ነው የቀመመችው!» አለ። ወሬው በዚያው ሰፈሩን ዞረ።

ስህተቷን ያወቀችው በገና ነው፤ ጎረቤት ቤት ሴቶች ኮረሪማ ሲፈለፍሉ፣ ልጣጩን ወደ እሳት፣ ፍሬውን ወደ ድስት ሲጥሉ አየች። ደነገጠች። በጥምቀት እንደ ደንቡ ፍሬውን ከትታ አፈላች። እማማ ይርገዱ አንዴ ቀምሰው ስኒውን አስቀመጡና፣ «ምነው ልጄ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ትርሲት የማድቤቱን በር እየዘጋች ልጣጭ ታፈላ ጀመር። «እማማ፣ ስህተት እኮ ነበር» ልትል ስንቴ አፏን ከፈተች፤ ስንቴ መልሳ ዘጋችው።

እንግዲህ ዘንድሮ ነሐሴ ላይ እማማ ይርገዱን ታይፎይድ ጣላቸው። መድኃኒቱ በሽታውን አስለቀቃቸው፤ የምግብ ፍላጎታቸው ግን አብሮ ሄደ። ገንፎ ሲቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ሾርባ ሲቀርብ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ «ካልበሉ አይነሱም» ብላ ሄደች። ጳጉሜ አምስት ቀን ጠዋት፣ ከሲታ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ትርሲትን ጠሯት።

«አፌ እንጨት እንጨት ይለኛል። ያንን የአውዳመት ቡናሽን ብቀምስ ይከፈት ነበር መሰለኝ።»

«አሁኑኑ እማማ!» አለች ትርሲት።

ጀበናዋን አወረደች። ቅርንፉዱ አለ፣ ቀረፋው አለ፣ ዝንጅብሉ አለ፣ ማሩ አለ። ኮረሪማው የለም። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት፣ ጭነት መኪና ቀርቶ፣ ኮረሪማ የሚባል ከገበያው ጠፍቷል። ጀበናው ያለ ኮረሪማ አይፈላም፤ የእማማ ይርገዱም አፍ ያለ ጀበናው አይከፈትም።

ትርሲት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ሄደች። እትዬ ማንጠግቦሽ ከምድጃቸው በላይ ከነልጣጩ በክር የተሰካ ኮረሪማ እንደ ሙክት አንገት ጌጥ አንጠልጥለው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው።

«እትዬ፣ ከኮረሪማዎ ትንሽ ቢያውሱኝ? ለእማማ ቡና ላፈላ ነው።»

«ለይርገዱማ ምን ገዶኝ!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «ግን ቲቸር፣ ሰፈሩ ሁሉ ከኔ ወሳጅ ብቻ ሆኗል። ዘነዘናዬን ዳምጠው ከወሰደው ሰኔን አለፈ። ሙቀጫዬ ያለ ዘነዘና እንደ ጋለሞታ ቁጭ ብሏል። ዘነዘናዬን በእጅሽ ካላመጣሽልኝ ይቺን ክር አልፈታም።»

«እሺ እትዬ።»

«እንዲያው ግን ምን ምን ትጨምሪበታለሽ?»

«እንደማንኛውም ሰው ነው» አለችና ወጣች።

ኮረሪማው ያለ ዘነዘና አይፈታም፤ ጀበናው ያለ ኮረሪማ አይፈላም፤ የእማማ ይርገዱም አፍ ያለ ጀበናው አይከፈትም።

ጋሼ ዳምጠው ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ትርሲት ስትደርስ በጓሯቸው አንዲት የበግ ማጎሪያ ፊት ቆመዋል። የማጎሪያው በር መቀርቀሪያ የእትዬ ማንጠግቦሽ ዘነዘና ነው። ከውስጥ በጉ በሩን ይጎሽማል።

«ጋሼ፣ ዘነዘናውን እትዬ ማንጠግቦሽ ፈልገውት ነበር።»

«ይገባቸዋል! ባለቤት ናቸው!» አሉ ጋሼ ዳምጠው። በጉ ጎሸመ። «ግን እይው እስቲ ይሄን ጉድ። ትናንት የገዛሁት የነገ በግ ነው። ይሄን ዘነዘና ብመዝዘው ደሴ ድረስ ነው የሚሄደው። ገመድ ነበረኝ፤ ሐሊማ ለውሃ ብላ ወሰደችው። ገመዴን አምጪና በጉን ልሰረው፤ ዘነዘናውን ውሰጂ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ለቡናው ነው አይደል? ለመሆኑ በኬሚስትሪ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ትርሲት መልስ ሳትሰጥ፣ በጉ ተካላት፤ «ባአ!» አለ። ዘነዘናው ያለ ገመድ አይነሳም፤ ኮረሪማው ያለ ዘነዘና አይፈታም፤ ጀበናው ያለ ኮረሪማ አይፈላም፤ የእማማ ይርገዱም አፍ ያለ ጀበናው አይከፈትም።

ሐሊማ የትርሲት እኩያ ናት፤ ግቢዋ ውስጥ ጉድጓድ አላት። ትርሲት ስትገባ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ ወደ ታች ትመለከታለች።

«ምን ጠፋብሽ ሐሊማ?»

«ያ ረቢ! ነይ እስቲ እዪ፤ ያንቺ ዓይን መነጽር አለው። ባልዲው ይታይሻል?»

ትርሲት አጎነበሰች። ከታች ጥቁር ውሃ፣ በውሃው ላይ የሁለት ሴቶች ፊት፣ በፊታቸው መሐል የተገለበጠ ባልዲ፣ ከባልዲው ጋር የጋሼ ዳምጠው ገመድ ይንሳፈፋል።

«ገመዱን ነበር የፈለግኩት» አለች ትርሲት ቀስ ብላ።

«እኔም እሱኑ ነው የፈለግኩት!» ሐሊማ ሳቀች። «ከእጄ አመለጠ። ኬሚስትሪሽ ገመድ አያወጣም? በይ እንግዲያው መንጠቆዬን አምጪልኝ። መንጠቆ የገባበት ረጅም አጣና ነበረኝ፤ አሰገደች ድስት ልስቀልበት ብላ ወስዳዋለች። እሱ ከመጣ ገመዱም ይወጣል፣ ባልዲውም ይወጣል።»

«አሰገደች ጋ?» የትርሲት ድምፅ አነሰ።

«አሰገደች ጋ። ዛሬ ከሄድሽ መቼም ሳትጠይቅሽ አትለቅሽም። እኔ እንኳ አልጠይቅሽም። ብቻ… ትንሽ ጨው ነገር ነው?»

«አይደለም።»

«እሺ አልጠየቅኩሽም።»

ገመዱ ያለ መንጠቆ አይወጣም፤ ዘነዘናው ያለ ገመድ አይነሳም፤ ኮረሪማው ያለ ዘነዘና አይፈታም፤ ጀበናው ያለ ኮረሪማ አይፈላም፤ የእማማ ይርገዱም አፍ ያለ ጀበናው አይከፈትም።

አሰገደችን ሳላስተዋውቃችሁ አላልፍም። ክፉ ሴት አይደለችም። ብቻ ከጆሮዋ የገባ ነገር ሳያርፍ በአፏ ይወጣል። ጠዋት ለአሰገደች የነገሩት ወሬ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው አሳምሮ መልሶ ይነግራችኋል።

ትርሲት ስትገባ አሰገደች ከማድቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ቅቤ ታነጥራለች። አጣናውን በሁለት ግድግዳ መሐል አጋድማ፣ ድስቱን በመንጠቆው ከእሳቱ በላይ አንጠልጥላዋለች።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ» አለች አሰገደች ሳትነሳ፤ «አንዱ ጉልቻ ሲሰበርስ ምን ይሁን ይላሉ? ድስቱን መስቀል ነው! ግቢ ቲቸር፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም አሰጉ። ሐሊማ መንጠቆዋን ፈልጋ ነው።»

«ውይ! ይሄን መንጠቆ ካወረድኩ ድስቱ እሳት ውስጥ ነው የሚገባው። ቅቤው ደግሞ አልደረሰም። ኮሰረቱ ገብቷል፣ በሶብላው ገብቷል፣ ኮረሪማው የለም። ያለ ኮረሪማ ካወረድኩት ነገ እንግዳ ሁሉ አሰገደች ጥሬ ቅቤ አበላችን ሲል ይውላል። ማንጠግቦሽ ጋ አለ፤ ግን እኔና እሷ ከፋሲካ ጀምሮ ተኳርፈናል። የተፈለፈለ አንድ እፍኝ ፍሬ የሚሰጠኝ ባገኝ ቅቤው አሁን ይወርዳል።»

ትርሲት ቆማ ቀረች። ቅቤው ያለ ፍሬ አይነጠርም፤ መንጠቆው ያለ ቅቤው አይለቅም፤ ገመዱ ያለ መንጠቆ አይወጣም፤ ዘነዘናው ያለ ገመድ አይነሳም፤ ኮረሪማው ያለ ዘነዘና አይፈታም፤ ጀበናው ያለ ኮረሪማ አይፈላም፤ የእማማ ይርገዱም አፍ ያለ ጀበናው አይከፈትም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የትርሲትን ምስጢር ሊያወጣ የመጣው ግን ቅቤ ነው። ፍሬ አላታ! በከተማው ውስጥ የተፈለፈለ የኮረሪማ ፍሬ ያላት እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ፍሬውን አጥር ሥር መጣል አልሆነላትም፤ ወጥ ውስጥ ብትከተው ደግሞ «ከየት መጣ?» ይሏታል። ስለዚህ በየአውዳመቱ ልጣጩን ወደ ጀበናው፣ ፍሬውን ወደ አንድ ትልቅ የጠመኔ ቆርቆሮ ስትከት ኖረች። ቆርቆሮው ከአልጋዋ ሥር፣ ከፈተና ወረቀቶች ጀርባ አለ። ሞልቷል።

ይህን ቆርቆሮ አሰገደች ፊት መክፈት ማለት ጡሩምባ መንፋት ነው። «ይሄ ሁሉ ፍሬ ከየት? ታዲያ ቡናው ውስጥ የምትከችው ምንድን ነው?» ትላለች። ከዚያ በኋላ «የተማረች እኮ ናት» የሚለው ሰው ሁሉ ምን ይላል? እማማ ይርገዱስ ከሰው አፍ ቢሰሙ?

አለመክፈት ደግሞ ያቺ ከሲታ የእማማ ይርገዱ እጅ ከብርድ ልብሱ እንዳትወጣ ማድረግ ነው።

«አሰጉ፣ እሳቱን ቀንሺው። መጣሁ።»

ወደ ቤቷ ሄደች። እየሮጠች ይሁን እየተጎተተች ለራሷም አልታወቃት። እማማ ይርገዱ አልጋቸው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው አገኘቻቸው።

«አመጣሽ?»

«አላመጣሁም። እማማ… ያን ጊዜ፣ ባገባሁ በዓመቴ፣ ልጣጩን ጣል፣ ፍሬውን ጣል ብለውኝ ነበር።»

«ብዬሽ ይሆናል።»

«ገለበጥኩት።»

«ምኑን?»

«ጣሉን።»

እማማ ይርገዱ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። ትርሲት ወለሉን እያየች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ ሁሉንም ተናገረች፤ ጀበናውን፣ አጥር ሥሩን፣ የገናውን ድንጋጤ፣ የጥምቀቱን ቡና።

«ልጣጩ ነው የሚፈላው?» አሉ እማማ ይርገዱ።

«ልጣጩ ነው።»

«ይሄ ሰው የሚጥለው ልጣጭ?»

«አዎ።»

«ኬሚስትሪውስ?»

«ኬሚስትሪ የለውም እማማ።»

እማማ ይርገዱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትርሲት የተቆጡ መሰላት።

«በር የምትዘጊው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሙያዋን ሰስታኝ ነው፣ ባዳ ሆኜባት ነው ስል ኖርኩ። በሩ በተዘጋ ቁጥር አንጀቴ ይቆረጥ ነበር።» ወደ ትርሲት ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አፋቸው ግን ሌላ ነገር ይዟል። «ነይ ቅረቢ፤ እኔም የምነግርሽ አለኝ። ሰው ምን ታደርግበታለች ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ምራቴ አትነግረኝም ማለት ከበደኝ። የናቴ ሙያ ነው፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«እማማ!»

«ወቀሳ አታብዢብኝ፤ ታማሚ ነኝ። ፍሬውስ የት ገባ?»

ትርሲት ከአልጋዋ ሥር ቆርቆሮውን አምጥታ ከፈተችው። እማማ ይርገዱ አፍንጫቸውን አስገቡ፤ አነጠሱ፤ ደግመው አስገቡ።

«ይሄ ሁሉ የኮረሪማ ሀብት ሥርሽ ተኝቶ እኔ አልጫ በላሁ!» አሉ። «ሂጂ፣ ቅቤው ሳያር ድረሺ። ለአሰገደችም ራስሽ ንገሪያት። ወሬ ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ጅራት አያበቅልም።»

ትርሲት ቆርቆሮውን አቅፋ ተመለሰች። አሰገደች ክዳኑ ሲከፈት አፏም አብሮ ተከፈተ።

«ይሄ ሁሉ! ከየት አመጣሽው?»

«ቡናዬ ውስጥ የሚገባው ልጣጩ ነው፤ ፍሬው ይተርፈኛል። በስህተት የተጀመረ ነው። እማማም አላስተማሩኝም፤ አያውቁም ነበር።»

አሰገደች መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀዝቀዝ አለች።

«ቆይ፣ ቆይ። እማማ ይርገዱ የናቴ ሙያ ነው ብለውኝ፣ እኔ ደግሞ ከአያታቸው የወረደ ነው ብዬ፣ ለማኅበሩ፣ ለእድሩ፣ ለቀበሌው ሁሉ አውርቻለሁ። የአያታቸውን ስም ሁሉ ጨምሬበታለሁ! አሁን ውሸት ነበር ብዬ ልዙር? ሰው ሁለተኛ ምን ሊያምነኝ?»

«እንዳሻሽ አሰጉ።»

«ያሻኛል እንዴ! አፌን ነው የምዘጋው። ፍሬውን በይ አምጪው።»

እፍኝ ፍሬ ወቅጣ ድስቱ ውስጥ ከተተች። ፍሬው ሲገባ ቅቤው ነጠረ፤ ቅቤው ሲወርድ መንጠቆው ለቀቀ፤ መንጠቆው ጉድጓድ ሲገባ ገመዱ ወጣ፤ ከገመዱም ጋር ባልዲው፣ ከባልዲውም ጋር ሐሊማ «አልሐምዱሊላህ!» እያለች ከተንበረከከችበት ተነሳች። ገመዱ ሲደርስ በጉ ታሰረ፤ በጉ ሲታሰር ዘነዘናው ተመዘዘ፤ ዘነዘናው ሲመለስ እትዬ ማንጠግቦሽ ወንበር ላይ ወጥተው ክሩን ፈቱ።

«ዓይንሽ በመነጽር ነው የሚያየው፤ አትቸገሪ፣ ፈልፍዬ ልስጥሽ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። «ልጣጩን እዚሁ እሳቱ ውስጥ እጥለዋለሁ።»

ትርሲት ነጠላዋን ልትስብ እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው።

«ፍሬውን ይውሰዱት እትዬ። እኔ የምፈልገው ልጣጩን ነው።»

እትዬ ማንጠግቦሽ አንዴ ልጣጩን፣ አንዴ እሷን አዩ። «ልጣጩን?»

«ልጣጩን። ነገ ይምጡና ይቅመሱት፤ ከዚያ ይጠይቁኝ።»

ቤቷ ስትደርስ የማድቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተች። እማማ ይርገዱም ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መጥተው በሩ ላይ ባለው በርጩማ ተቀመጡ። አልጋ ከያዙ በሦስተኛ ሳምንታቸው መሆኑ ነው። ትርሲት ልጣጩን ስትሰባብር እጇን አዩ፤ ዝንጅብሉን ስትጨምር አዩ፤ «ቀረፋውን ከመፍላቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አሉ፤ «ለምን?» አሉ፤ «ጭሱ ልጣጩ ላይ የቀረው ሲያደርቁት ነው እንዴ?» አሉ። ትርሲትም የምታውቀውን መለሰች፤ የማታውቀውን አላውቅም አለች። እንዲህ ስትል የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፤ ምንም አልሆነችም።

ጀበናው ፈላ። ማር ጠብ አለበት። እማማ ይርገዱ በሁለት እጃቸው ይዘው ፉት አሉ። ደገሙ። እስከ አተላው ጠጡና ስኒውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ትርሲት ፊታቸውን እያየች ትጠብቃለች።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ ቆጣ ብለው፤ «ሰው ሦስት ሳምንት ምግብ ሳይቀምስ ቡና ብቻ ይሰጡታል እንዴ? እንጀራ የለም በዚህ ቤት?»

ተረቴን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስኒዬን ግን መልሱልኝ።